የወፍጮ ቤቱ ለቀስተኞች

ጊታሬን በፉርሽካ ጆንያዎች መሃል እየቀበርኩ ሳለ እትዬ የሺዓለም የመጋዘኑን በር ገፍተው ገቡ። የአምባዬ እናት። ደንግጬ የያዝኩትን ጆንያ እግሬ ላይ ጣልኩት። ልጃቸው ከተገደለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እኔ የልብ ጓደኛው ሆራ ግን ደጃፋቸው እንኳ አልደረስኩም። ፈራሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። አንድ ቁና የማትሞላ ስንዴ በሳፋ ይዘዋል። ጥቁር መልበስ ተከልክለዋል፣ ድንኳን መጣል ተከልክለዋል፣ ማልቀስ ተከልክለዋል። ልጃቸውን የገደሉት አብዮት ጠባቂዎች “ድምፅ ከሰማን ልጅቷንም እንወስዳታለን” ብለዋቸዋል። ልጅቷ የአምባዬ ታናሽ እህት ውዴ ናት።

“ስንዴ ላስፈጭ ብዬ ነው የወጣሁት” አሉኝ። “ደጃፌን እንዲጠብቅ ያቆሙት ባለጠመንጃ ግን እየተከተለኝ መጣ። እደጅ ተቀምጧል።”

በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። አብዮት ጠባቂው ከግራሩ ጥላ ሥር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጥርሱን ይፍቃል። አቤት እርጋታው!

መጋዘኑ የመርዳሳ ወፍጮ ቤት ጓዳ ነው። እኔና አምባዬ ከስልሳ ስምንት ጀምሮ እዚህ ተደብቀን ተጫውተናል። ወፍጮው ሲነሳ እንጀምራለን፣ ሲቆም እናቆማለን፤ ውጭ ያለ ሰው ሰምቶን አያውቅም። ጊታሯ ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ በአጥር ያሻገርኳት ናት። ከበሮውን አምባዬ በግማሽ በርሜል ላይ የበሬ ቆዳ ወጥሮ ሠራው። ሙዚቃውን ያመጣብን ግን የአሰብ መስመር ሾፌሩ ሳሊህ ነው፤ ከአንድ መርከበኛ የተቀበለውን ካሴት ሰጠን። ተጫዋቾቹ ፈረንጆች ናቸው። ጊታራቸው እንደታመመ በሬ ያጓራል፣ ከበሯቸው አይቸኩልም። ቃሉ አልገባንም፤ ሀዘኑ ግን ገባን። ያን ድምፅ እናገኛለን ብለን ከጊታሯ ጋር ያመጣሁትን ደህና ስፒከር በምላጭ ተለተልነው።

መርዳሳ ታዲያ መሳቂያ አድርጎን ነበር። “እነዚህ ለቀስተኞች ደግሞ መጡ! ማን ሞተባችሁ?” ይለናል። “በአንዱ ምትና በሌላው መሃል እኮ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል!” አምባዬ ከእሱ ብሶ ይስቃል።

“ሆራ” አሉኝ እትዬ የሺዓለም። “ያንን ሁለታችሁ የምትጫወቱትን ተጫወትልኝ። ቀስ የሚለውን።”

“እትዬ፣ እኔ ከእንግዲህ ላልነካት ነው። ልቀብራት ነው የመጣሁት።”

“አንተስ የምትቀብረው አገኘህ። እኔ ሬሳውንም አልሰጡኝም።”

ጊታሯን ከጆንያዎቹ መሃል ጎትቼ አወጣኋት።

መርዳሳ በመሃሉ በር ብቅ አለ፤ ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ ጢሙ ሁሉ ዱቄት ነው። እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ሊቀልድ ነው ብዬ ፈራሁ። ሳፋውን ከእጃቸው ተቀበለና “ሲነሳ ጀምር” ብሎኝ ተመለሰ።

ወፍጮው ተነሳ፤ ቆርቆሮው መንዘር ጀመረ። ወፍራሙን ክር መታሁት፤ የተተለተለው ስፒከር አጓራ። ከዚያ ከበሮው የሚገባበት ቦታ ደረስኩ። ማንም የለም። ወይ እኔ! ሦስት ቀን ሙሉ ሞተ ሲሉኝ ሰምቼ፣ መሞቱ የገባኝ ገና ያን ጊዜ ነው። ጣቴ ቆመ።

“አታቁም!” አሉኝ እትዬ የሺዓለም። ነጠላቸውን አውርደው ወገባቸውን ታጠቁ። በሁለት እጃቸው ደረታቸውን መቱ።

ድም።

ጠበቅኩ። ልክ አምባዬ የሚቆየውን ያህል ቆዩና ደግመው መቱ። ከዚያ ጮኹ።

“አምባዬ! አምባዬ ልጄ! እኔን ማን ይቅበረኝ? እንዴት ቀደምከኝ ልጄ!”

የስፒከሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እኔም እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅኩ ነበር የምጫወተው፤ አላፍርበትም።

ስንዴዋ ግን ትንሽ ናት። የወፍጮው ድምፅ እየቀጠነ ሲመጣ ሰማሁት፤ እህል ሲያልቅበት እንደዚያ ነው። ባዶ ወፍጮ ድንጋዩን ስለሚበላው መርዳሳ ለአፍታም አያስኬድም። ናዝሬት ከፈራች ወዲህ ደግሞ ሌላ እህል የሚያመጣ የለም። እትዬ የሺዓለምም ድምፁን ሰምተዋል። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። ሀዘኑ ገና አልወጣላቸውም፤ ዓይናቸው ይናገራል።

በመሃሉ በር መርዳሳን አየሁት። ዱቄቱን ሳፋ ውስጥ ሰብስቧል። አሁን ሞተሩን ያጠፋል ብዬ እጄን ከክሩ ላይ አነሳሁ። እሱ ግን ሳፋውን ተሸክሞ መሰላሉን ወጣና የተፈጨውን ዱቄት መልሶ እህል መጨመሪያው ቋት ውስጥ አፈሰሰው።

ድምፁ እንደገና ወፈረ። እትዬ የሺዓለም ነጠላውን ከአፋቸው አወጡ።

ድም።

ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ ሲል አብዮት ጠባቂው መፋቂያውን እንደያዘ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመ። “አንድ ሳፋ ስንዴ እስከ አሁን?” ሲል ጮኸ። እትዬ የሺዓለም አልሰሙትም፤ ደረታቸውን ይመታሉ።

“የአርሲ ስንዴ ነው፣ ጓድ!” አለው መርዳሳ እሱም እየጮኸ። “ጠጣር ነው! ቶሎ አይልም!”

ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ወደ ጥላው ተመለሰ። መርዳሳ ሳፋውን ሊያነሳ ወደ እኔ ሲዞር ፊቱን አየሁት። ጉንጩ ላይ ያለው ዱቄት በእንባ ቦክቷል። መሰላሉን ወጣና ለሦስተኛ ጊዜ አፈሰሰው።