ተረጂ የሌለበት ቅጽ

ቨርና ልጅ ሳለች አንዲት ጎረቤት ሾርባ ይዛ በራቸው ላይ ስትቆም አባቷ «እኛ ችግረኛ አይደለንም» ሲላት ሰምታ ነበር። ሴትዮዋ ምን ብላ እንደመለሰችለት በደንብ አታስታውስም፤ ብቻ ሾርባው ተበላ።

ዛሬ በኩምባላ መንደር አዳራሽ ወጥ ቤት፣ በገና ሰሞን ሙቀት፣ ቅጹን ይዛ ተቀምጣ ያ ነገር ትዝ አላት። ወጥ ቤቱ በየሐሙሱ ለመንደሩ ሰው በነጻ ለሚያቀርበው ምሳ የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቅበት ቅጽ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አምና ውድቅ የሆነባቸው በጎ ፈቃደኛ አርባ አንድ፣ ተረጂ ዜሮ ብለው ስለሞሉ ነበር። ሊበላ የሚመጣው ሁሉ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው በበጎ ፈቃደኛ ተራ ነዋ! ዘንድሮም ካልተሳካ ወጥ ቤቱ መዘጋቱ ነው።

ፊት ለፊቷ አዛውንቱ ክላሪ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ድንች ይልጣሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ላጡ።

«ክላሪ፣ አንድ ተረጂ እንኳ ልጻፍ። እርስዎን።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ያን ሰነፍ ኖርምን ጻፊው፤ ሽንኩርት ነክቶ አያውቅም።»

«ኖርምም ክላሪን ጻፊ ነው ያለኝ።»

ክላሪ ሳቁ። ከዚያ የላጧቸውን ሦስት ድንቾች አዩ። ቨርና ደክሟት ነበር፤ በልቧ ብቻ ጸለየች።

«እኔ ስሄድ የቀረውን ቁጭ ብለሽ እንደምትልጪ የማላውቅ መሰለሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ጻፊኝ እንግዲህ። ቢላዋዋን ግን አልሰጥሽም።»