መዝጊያው የት ጋ ነው?

ሴትዮዋ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ ተቀመጠች። ከሆላንድ የምታናግራት ረድኤት ናት። የረድኤት መሥሪያ ቤት አዲስ የቪዲዮ መደወያ ሠርቷል፤ እሷም በየአገሩ ያሉ ሰዎች ሲሞክሩት ምን እንደሚያስቸግራቸው ታጠናለች።

«እማማ፣ የመጨረሻው ሙከራ። ጥሪውን ይዝጉት።»

«መዝጊያው የት ጋ ነው?»

«እኔ ማሳየት አይፈቀድልኝም። እየፈለጉ፣ የሚያስቡትን ሁሉ ጮክ ብለው ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ የምታስበውን ተናገረች። በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ልጇ ከደወለ መሰንበቱን፣ መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር የእሱ እንደሚመስላት፣ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ መርዶ የመጣ እየመሰላት በሩን ለመክፈት እንደምትፈራ ነገረቻት። ረድኤት አላቋረጠቻትም፤ እየጻፈች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ሴትዮዋ «ከዚያስ?» የሚላት ሰው ካጣች ቆይታለች።

«አሰለቸሁሽ አይደል?»

«ኧረ በፍጹም! ይቀጥሉ።»

ሴትዮዋ ቀዩን መዝጊያ ገና ጥሪው ሲጀመር አይታዋለች።

በሳምንቱ ረድኤት እየሳቀች ደወለች።

«እማማ፣ እርስዎ ስለተቸገሩ አሻሻልነው! ከእንግዲህ መዝጊያ መፈለግ ቀረ።»

«ቀረ? እንዴት ሆኖ?»

«ስንብት ሲሰማ ጥሪው በራሱ ይዘጋል። ዛሬ የምንሞክረው እሱን ብቻ ነው። በሉ እስቲ፣ ‹ደህና ሁኚ› ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«ምሳ በላሽ፣ ልጄ?»