ሦስተኛው ጥይት

በባሕር ኃይል ሳለሁ ሥራዬ ከመርከብ ላይ በመነጽር ማየት ነበር። የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ከወደብ ከተማዋ ማዶ ሲወድቅ «አለፈ» እላለሁ። ሁለተኛው ባሕሩ ዳር ሲቀር «አጠረ» እላለሁ። ሦስተኛው አይስትም። እሱን ግን እናቆየው ነበር። የሸሸው ሰው አበቃ ብሎ ወደየቤቱ ሲመለስ ዓይቼ «ገብተዋል» ካላልኩ አዛዡ አያስተኩስም። ጎበዝ ነበርኩ፤ ተሸልሜበታለሁ።

አሁን አሌክሳንድሪያ ከልጄ ከናዝራዊት ጋር እኖራለሁ። ሰኞ ከቤታችን ጀርባ አንድ ነገር ፈንድቶ መሬቱ ተቦደሰ። ማክሰኞ ደግሞ ከፊት ለፊት ፓርኪንጉ ፈነዳ። የጋዝ መስመር ነው ብለው ሁላችንንም አስወጡን። ናዝራዊት ልጆቿን ይዛ ዊተን የምትኖረው እህቷ ቤት አደረች፤ እኔ ወንዙ አጠገብ ጓደኛዬ ዘንድ።

ረቡዕ ጠዋት ወንዙ ዳር ቆሜ ሳለሁ ናዝራዊት ኮል አደረገችልኝ።

«አባዬ፣ ቼክ አድርገው ሴፍ ነው አሉን እኮ! ቤት ገብተናል። ልጆቹ ቁርስ እየበሉ ነው፤ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«ውጡ» ልላት አፌን ስከፍት፣ ከወንዙ በኩል የወጣትነት ድምፄ ቀደመኝ።

«ገብተዋል።»