ለመክብብ ያልተነገረው መርዶ

ልጄን በስደት መንገድ ባሕር ከበላው ስድስት ዓመት ሆነ። ለልጁ ለመክብብ ግን እስከ ዛሬ መርዶውን አልነገርኩትም። እናቱን በአራስነቷ ያጣ ልጅ ነው፤ በምን አንጀቴ ልንገረው? «አባትህ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ይመጣል» እያልኩ አሳደግኩት።

አባት የሆኑለት ድቁና የሚያስተምሩት የኔታ ልሳነወርቅ ናቸው። ሲያጠፋ ይቆጡታል፤ ሲያመው ጠበል ይዘውት ይሄዳሉ። ትናንት ግን ከልጄ ጋር የተሰደደ አንድ የሰፈራችን ሰው ተመልሶ መጣ። መክብብ ከሱ ሰምቶ «ዋሸሽኝ» ብሎ ጥሎኝ ቢሄድስ?

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ እግር ላይ ወደቅሁ።

«የኔታ፣ በእመብርሃን፣ እርስዎ ይንገሩልኝ! ከእርስዎ አፍ ከሰማ ይጽናናል።»

«ኧረ ይነሱ እናቴ! ምኑን ነው የምነግረው?»

«የአባቱን መሞት።»

የኔታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ያውቁ ኖሯል እንዴ?»

«እናቱ አይደለሁ? ከተረዳሁ ስድስት ዓመቴ!»



«መክብብም ያን ጊዜውኑ ከትምህርት ቤት ልጆች ሰምቷል» አሉኝ። «‹አያቴ አላወቀችም፤ ከሰማች ትሞትብኛለች፤ እንዳይነግሯት› ብሎ አስምሎኛል። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን እዚህ እኔ ዘንድ ያለቅስና፣ ፊቱን ታጥቦ ወደ እርስዎ ይመጣል።»