ትርሲት ስለ ራሷ ተናገረች

የአደራ ልጅ አዲስ ቤት ሲገባ በእጁ የታሰረው አምባር ሕመሙንና ያለፈ ታሪኩን ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ እንዲያነብ ሕግ ወጥቷል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ትርሲት ሐዋሳ ያለውን አራተኛ ቤቷን ስትረግጥም አምባሩ ቀደማት።

«የሚጥል በሽታ አለባት። አልጋ ላይ ትሸናለች። ሦስት ቤተሰብ መልሷታል።»

አሳዳጊዋ ወይዘሮ አመለወርቅ ፍራሹን በላስቲክ ሸፍነው ጠብቀዋታል። ምሳ ሲቀርብ ለሌሎቹ የቤቱ ሰዎች ውሃ በብርጭቆ፣ ለእሷ በፕላስቲክ ኩባያ ቀዱ። ትርሲት ኩባያውን መለሰችው።

«ስትወድቂ ብርጭቆው እንዳይቆርጥሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሊጥለኝ ሲል ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ያኔ የያዝኩትን አስቀምጬ መሬት ላይ እተኛለሁ። አልጋ ላይ የሸናሁትም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከወንድሜ የለዩኝ ቀን። አምባሩ ይህን አያውቅም። ስለ እኔ እኔን ይጠይቁኝ!»

አምባሩ «የሚጥል በሽታ...» ብሎ እንደገና ጀመረ። ትርሲት በመዳፏ አፈነችው።

ወይዘሮ አመለወርቅ ተነሡ። ብርጭቆ አምጥተው እስከ አፉ ሞሉላት።

«እሺ፣ ሌላስ ምን ልወቅ?»

«ጎመን አልበላም» አለች ትርሲት፤ ውሃውንም አንድ ጠብታ ሳታፈስ ጨለጠችው።