የእማማ ቀጭ ጡሩምባ

«ሞቷል አልኩሽ እኮ እማ... የመኪናሽ ኤሲ ኮምፕሬሰር ሞቷል። ገዢው እየመጣ ነው፣ ቁልፉን አዘጋጂ።»

ልጇ ይሄን የሚላት ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው። ከሰዓት እናቱን እጮኛው ቤት ይዟት ሊሄድ፣ ከልጅቷ ቤተሰብ ሊያስተዋውቃት ነው።

እሷ ግን መስኮቱ ጋ ቆማ ግቢ ውስጥ ያለችውን ሚኒባስ ታያለች...

በዚያች ሚኒባስ የሰው ልጅ ትምህርት ቤት እያመላለሰች ነው እሱን ያሳደገችው። ብቻዋን።

ተማሪዎቹ «እማማ ቀጭ» ነው የሚሏት።

ለምን መሰላችሁ?

ጠዋት ሁሉም ተሳፍረው ሲያበቁ ኤሲውን ትከፍታለች። ያኔ አንድም ልጅ ትንፍሽ አይልም። ከሞተሩ በኩል «ቀጭ» የምትል ድምፅ ሲሰሙ ነው «በረደልን» ብለው የሚንጫጩት።

ቀጭ ሳትል መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ሕግ ነው።

ባለፈው ሰኞ ግን ልጆቹ ጸጥ ብለው ጠበቁ... ጠበቁ...

ቀጭ የለም።

ነፋሱ ይነፍሳል፣ ግን ከምድጃ አፍ የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ሳምንቱን ሙሉ ልጆቹ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ ጨርቅ ሆነው ወረዱ። እናቶቻቸው አኮረፉ። «ኤሲው ካልተሠራ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሹፌር እንይዛለን» አሏት... እውነታቸውን ነው።

ልጇ «እኔ ጋራዥ ላሳያት» ብሎ ወሰዳት። ሲመለስ «አለቀላት» አለ። «ኮምፕሬሰሩን መቀየር አያዋጣም። ሽጫትና እረፊ። ዕድሜሽም ነው።»

እሺ ብላ ነበር እኮ...

ዛሬ ጠዋት ግን እዚያ መስኮት ጋ እንደቆመች አንድ ነገር ከነከናት።

«ሬሳውን ሳላይማ አልቀብርም» ብላ ወጣች። ሰፈር ውስጥ ኤሲ የሚሠራውን፣ «በረዶ» የሚሉትን ሰውዬ ጠርታ ኮፈኑን ከፈተች።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የኮምፕሬሰሩን ፊት በእጇ አዞረችው... ዞረ። ሳይንገጫገጭ፣ ሳይነክስ።

«የሞተ ሰው እጅ ይጨብጣል እንዴ?» አለችው።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄስ ከኔም ይሻላል» አለ በረዶ። መለኪያውን ሰካ። ጋዙም ሙሉ ነው።

ሞተሩን አስነስታ ኤሲውን ከፈተች። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይሽከረከራል... የኮምፕሬሰሩ ፊት ግን ፍንክች አይልም።

«ኮረንቲ አልደረሰውም» አለና በረዶ ሞተሩን አስጠፍቶ የፊውዝ ሳጥኑን ክዳን አነሳ።

በጣቱ አሳያት።

ከተደረደሩት መሃል አንዷ ቦታ ባዶ ናት። እንደ ወለቀ ጥርስ። ለኤሲው ኮረንቲ የምታቀብለው ሪሌ፣ ያቺ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ጥቁር ዕቃ... የለችም።

«ተቃጥላ ይሆን?»

«ብትቃጠል እዚሁ ተቃጥላ ትገኝ ነበር እትዬ። ይቺ በእጅ ካልነቀሏት አትወጣም።»

የመኪናዋ ቁልፍ ያለው ደግሞ እሷ ጋ ነው... እና ልጇ ጋ።

ዞራ ወደ ቤቱ በር አየች።

«የጡሩምባው ሪሌ ከሷ ጋር አንድ ዓይነት አይደለም?» አለች ወደ ሳጥኑ ተመልሳ።

«ቁርጥ አንድ ነው።»

«ንቀልና እዚህ ሰካው።»

«ጡሩምባውስ?»

«እስከዚያው አፍ አለኝ።»

ሰካው። አስነሳች።

ቀጭ።

አየሩ መጀመሪያ ለብ አለ... ከዚያ እስከ ብብቷ ድረስ በረዳት።

በረዶን አመስግና ሸኘችው። ዞር ስትል ልጇ ሸሚዙን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ቀጯን ሰምቷል። እየሰማት ነው ያደገው።

«አምጣት» አለችው።

ከኪሱ አወጣት።

«ለምን አልጣልካትም?»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

«ስትነቅላት ጊዜ እምቢ አላለህም።»

«እማ፣ ላሳርፍሽ ብዬ እኮ ነው...»

«ተው። እዚያ ቤት ስለኔ ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

አቀረቀረ። «...እናቴ ቤት ነው የምትውለው ብዬ።»

ለካ ለዚህ ነው እጮኛው ሰፈር ስታደርሰው «ጥግ ላይ አውርጂኝ» የሚለው። ለካ ለዚህ ነው «እዚያ ሰፈር ጡሩምባ አትንፊ፣ ሰው ይረበሻል» የሚለው...

አላለቀሰችም። ብታለቅስለት ይቀለው ነበር።

«ስማ ልጄ። እኔ የሰው አደራ በሰላም አድርሼ በሰላም የምመልስ ሴት ነኝ። የምታፍርበት ነገር ከፈለግክ እኔ ጋ የለም፣ ራስህ ጋ ፈልግ። አሁን ለገዢው ደውልና አትሸጥም በለው። ከዚያ ግባ... የምነዳው እኔ ነኝ።»

ከሰዓት እጮኛው ቤት ደረሱ። ትልቁ በር ፊት ለፊት አቆመች። ጥግ ላይ አይደለም... ፊት ለፊት።

ኮፈኑን አስከፈተችው።

«ያወለቅካትን በገዛ እጅህ የጡሩምባው ቦታ አስገባት።»

በነጭ ሸሚዙ ጎንበስ ብሎ ሰካት። እጅጌው ጠቆረ።

«አሁን ንፋው።»

«እማ... ሰፈሩ...»

«ንፋው። መምጣቴን ይስሙ።»

በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ነካ አደረገው... ጢጥ።

አየችው።

ደገመው። ረጅም፣ የተኛ የሚቀሰቅስ።

የልጅቷ አባት ብቅ አሉ። ሚኒባሷን አዩ። መሪው ላይ ያለችውን ሴት አዩ።

«የተማሪ ሰርቪስ ነው? በር ተሳስታችሁ እንዳይሆን...»

ልጁ ወደ በሩ ራመድ አለ።

«አልተሳሳትንም አባባ። እናቴ ናት። ሹፌር ናት... ቤት ነው የምትውለው ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው።»

ሰውየው ልጁን አንዴ ገላምጠውት አለፉ። ከዚያ የትልቁን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱና...

«በሉ እናቱ፣ ግቢ ውስጥ ያስገቧት። ፀሐይ ላይ አትቁም።»

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ጸጥ ብለው ጠበቁ።

ቀጭ።

ወገኖቼ... ማሳረፍ ሌላ፣ መደበቅ ሌላ። ያሳደገህ ሥራ ካሳፈረህ፣ መጀመሪያ ያደግከውን መልስና ከዚያ እፈር።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ እሷን ብትሆኑ በሩ ላይ ታስነፉት ነበር? ወይስ «ልጄ አይዋረድብኝ» ብላችሁ ዛሬም ጥግ ላይ ታቆሙ ነበር?