ጠያቂ ያጣው ድራይቨር

ኮምፒውተርን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያግባቡትን አሮጌ ድራይቨሮች ማጽዳት ከጀመረ ፕሮግራመሩ ወራት አልፈውታል። የተደጋገመውን ኮድ ሲያዋሕድ፣ የተዝረከረከውን ሲያስተካክል ዓይኑ ዛለ። አሁን የቀረው አንድ ነው፤ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ፣ የምን እንደሆነ ማንም የማያስታውሰው የአንድ ሳጥን ድራይቨር።

«ሰርዘውና እንረፍ በናትህ!» አለችው አብራው የምትሠራው ፍሬሕይወት።

«ተጠቃሚው ሳይጠየቅማ አይሆንም።»

ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ድራይቨሮቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ስክሪኑ ላይ ማሳሰቢያ እንዲወጣ አደረገ፦ «ይህን መሣሪያ የሚጠቀም ካለ ያሳውቀን፤ አለበለዚያ ድራይቨሩ ይሰረዛል።» ወራት ጠበቀ። አንድም ሰው ድምፁን አላሰማም። ሰረዘው።

ድራይቨሩ የሌለበት አዲሱ የሶፍትዌር ማሻሻያ በወጣ በሳምንቱ አንድ አዛውንት ጠበቃ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሳጥኔ ዝም አለብኝ። ነገ ችሎት አለኝ፤ ሰው የሚታሰርበት ጉዳይ ነው።»

«አዝናለሁ ጋሼ፤ ከመሰረዛችን በፊት ለወራት ማሳሰቢያ አውጥተን ነበር እኮ።»

«የት?»

«ስክሪኑ ላይ፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት፣ ድራይቨሮቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ።»



«ሳጥኑ እኮ» አሉ አዛውንቱ ቀስ ብለው፣ «ለእኔ ቢጤ ዓይነ ስውር ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብ ነው።»